ቱርክ፣ ግሪክ ወይስ ቡልጋሪያዊ? የአንድ መቄዶንያዊ ወታደር ወረቀቶች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከቶሮንቶ ነው። የአረጋውያን እንክብካቤ ሠራተኛ ነኝ። ከማያቸው ሰዎች መሃል አንዲት የ93 ዓመት እናት አሉ። «እማማ» ነው የምላቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው በጣም ስለወደዱት ሌላ ስም አልጠራቸውም። መጀመሪያ «መቄዶንያዊት ነኝ» ሲሉኝ ትዝ ያለኝ አዲስ አበባ ያለው የአረጋውያን መርጃ ነበር። እሳቸው የሚሉት ግን አገሩን ነው።

አባታቸው ዤሌቮ በሚባል መንደር የተወለዱ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የካናዳ ወታደር ነበሩ። ፎቷቸው ራስጌያቸው ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ወር የወንድማቸው ልጅ ወረቀቶች ይዞ መጣ። በ1916 በሞሉት የጦር ምዝገባ ቅጽ ላይ የትውልድ አገር «ቱርክ» ይልና ተሰርዞ ከላዩ «ግሪክ» ተጽፏል። ሃይማኖት «የግሪክ ቤተ ክርስቲያን» ይላል። በ1910 ኒው ዮርክ ሲገቡ የተሞላው የመርከብ መዝገብ ደግሞ ዜግነት ቱርክ፣ ዘር ቡልጋሪያዊ ይላል። ልጁ «አክስቴ፣ እንግዲህ ቡልጋሪያውያን ነን ማለት ነው» አላቸው። እማማ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ማታ ልሸፍናቸው ስል እጄን ይዘው «ታዲያ አባቴ ምን ነበር?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? የወረቀቶቹንና የፎቶውን ኮፒ አስፈቅጄ ልኬያለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ «ምሳ አልበሉም» ያልሽው ላይ ስደርስ ደብዳቤሽን አስቀምጬ ተነሳሁ። የ93 ዓመት ሰው ስለ አባቱ ሲጠይቅ ለወሬ ብሎ አይደለም። ስለዚህ መልሴ ይረዝማል፣ ታገሺኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከምዝገባ ቅጹ ልጀምር። ሲመዘገብ ይህን የመሰለ ቅጽ ያልሞላ ዘማች የለም። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ፣ የትውልድ ቀን፣ ሥራ፣ ያገባ ወይም ያላገባ ይጠይቃል። ለመከተብ ፈቃደኛ ነህ ወይ ይላል። መጨረሻ ላይ ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ታማኝ ለመሆን መማል አለ። አሁን ልብ በዪ። «ብሔርህ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ የለበትም። «በየትኛው ከተማ ወይም አጥቢያ፣ በየትኛው አገር ተወለድክ?» ነው የሚለው። የእማማ አባት ማንነታቸውን አልተጠየቁም። ስላልተጠየቁም አልመለሱም።

አሁን ገልብጪው። የሰውነት መግለጫ ታገኛለሽ። ቁመት፣ የደረት ስፋት፣ የዓይንና የጸጉር ቀለም። ከሥሩ ሃይማኖት አለ። የታተሙት ምርጫዎች የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ ፕሬስቢቴሪያን፣ ሜቶዲስት፣ ባፕቲስት ወይም ኮንግሪጌሽናል፣ ሌላ ፕሮቴስታንት፣ ሮማ ካቶሊክና አይሁድ ናቸው። ኦርቶዶክስ የለም። ለኦርቶዶክስ ሰው ቦታ ስላልነበረ ጸሐፊው በእጁ ጻፈበት። በዚያን ዘመን እንግሊዝኛ «የግሪክ ቤተ ክርስቲያን» ሲባል ኦርቶዶክስ ማለት ነው። ሩሲያዊም፣ ሰርብም፣ ሩማንያዊም እንዲሁ ይጻፍ ነበር። ዘሩ ግሪክ ነው ማለት አይደለም። እኛስ በስንት ፎርም ላይ «ኮፕቲክ» ተብለን የለ? በዚህ ግብጻዊ አልሆንን።

አሁን ወደተሰረዘው ቃል እንምጣ። በኮፒው ላይ አጉልቼ አየሁት። መስመሩ አንድ ነው፣ ቀጥ ያለ። «ግሪክ» የምትለዋ ቃል ግን ቦታ ጠቧት ጫፏ ወደ ላይ ተጠማዛለች። ከዚህች ጠማማ ቃል ጀርባ ትልቅ ታሪክ አለ።

አባትየው የተወለዱበት መንደር ዤሌቮ ነው ብለሻል። ዤሌቮ ኮስቱርና ሌሪን በሚባሉ ከተሞች መካከል፣ ፕሬስፓ ሐይቅ አጠገብ ያለ ተራራማ መንደር ነው። እሳቸው ሲወለዱ አገሩ የኦቶማን ቱርክ ግዛት ነበር። በነሐሴ 1903 በቅዱስ ኤልያስ በዓል ቀን «ኢሊንደን» የሚባለው አመፅ ተነሳ። የቱርክ ጦር አመፁን ሲያጠፋ መንደሮች ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ወጣቱ በገፍ ወጣ። በነሱ ቋንቋ ይህ አወጣጥ ፔቻልባ ይባላል። ሄዶ ሠርቶ፣ ገንዘብ ይዞ ለመመለስ መውጣት ማለት ነው። ዓረብ አገር ሄዳ ሠርታ ለእናቷ ቤት ለመሥራት እንደምትወጣው ልጅ አድርገሽ አስቢው። ለሁለት ዓመት ብሎ የወጣው ብዙው እዚያው ቀረ።

ከዚያ 1912 መጣ። ግሪክ፣ ሰርቢያ፣ ቡልጋሪያና ሞንቴኔግሮ አብረው ቱርክን ወጉ። በ1913 ደግሞ በክፍፍሉ እርስ በርስ ተዋጉ። በነሐሴ 1913 ቡካሬስት ላይ በተፈረመው ውል መቄዶንያ ተቆረሰች። ትልቁ ቁራሽ ለግሪክ፣ ቀጣዩ ለሰርቢያ፣ ትንሹ ለቡልጋሪያ ደረሰ። ዤሌቮ ግሪክ ውስጥ ወደቀ። የእማማ አባት ቶሮንቶ ጉልበታቸውን ሲሸጡ፣ መንደራቸው ከሥራቸው አገር ቀየረ። በ1916 «በየትኛው አገር ተወለድክ?» ሲባሉ «ቱርክ» ማለታቸው እውነት ነው። «ግሪክ» ማለትም በዚያን ዕለት ካርታ እውነት ነው።

ግን ጉዳዩ የካርታ ብቻ አልነበረም። ቱርክ ከጀርመን ጋር ተሰልፋ ነበር። ከኅዳር 1914 ጀምሮ የቱርክ ተገዢ በካናዳ ሕግ «የጠላት አገር ሰው» ነው። ቡልጋሪያም በጥቅምት 1915 ወደዚያው ወገን ገባች። «የጠላት አገር ሰው» መባል ቀልድ አልነበረም። መመዝገብ፣ መታወቂያ ይዞ መዞር፣ በየጊዜው ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ መታየት አለበት። ካናዳ በዚያ ጦርነት 8,579 ሰዎችን በካምፕ አስራለች። አብዛኞቹ ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ የመጡ፣ በተለይም ዩክሬናውያን ናቸው። ከታሳሪዎቹ 205ቱ በቱርክነት፣ 99ኙ በቡልጋሪያነት የተያዙ ናቸው። ግሪክ ግን በ1916 ገና ገለልተኛ ነበረች፣ በ1917 ደግሞ ከእንግሊዝ ወገን ገባች። አንድ ወጣት መቄዶንያዊ ያን ወረቀት ሲሞላ ከፊቱ ሦስት ስሞች አሉ። ሁለቱ ያሳስሩታል፣ አንዱ ያስገባዋል። ቃሉን የሰረዘው ጸሐፊውም ይሁን እሳቸው፣ እኔ በዚያች መስመር ላይ አልፈርድም።

አሁን «ቡልጋሪያዊ» የሚለው። እማማን ያሳመማቸው እሱ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ኦቶማኖች ክርስቲያኑን የሚቆጥሩት በቋንቋ አይደለም፣ በቤተ ክህነት ነው። መጀመሪያ ኦርቶዶክሱ ሁሉ በቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ ሥር ነበር፣ የበላዮቹም ግሪኮች ነበሩ። በ1870 ሱልጣኑ ኤክሳርካት የሚባል ራሱን የቻለ የቡልጋሪያ ቤተ ክህነት ፈቀደ። እኛ የራሳችንን ፓትርያርክ ለማግኘት እስከ 1959 ስንደክም እንደኖርነው፣ በስላቭ ቋንቋ ለመቀደስና ልጅ ለማስተማር ለሚፈልግ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በየመንደሩ ጥያቄው «የማን ነህ?» ሆነ። ፓትርያርኩን የያዘ በመዝገብ «ግሪክ»፣ ኤክሳርኩን የያዘ «ቡልጋሪያዊ» ተብሎ ይቆጠራል። ሁለት ወንድማማች አንድ ቋንቋ እየተናገሩ፣ ከአንድ ማዕድ እየበሉ፣ አንዱ ግሪክ አንዱ ቡልጋሪያዊ ሊባሉ ይችላሉ። ዤሌቮም በሁለት ተከፍላ ነበር። በዚህ መከፋፈል ሰው ታርዷል፣ መንደር ተቃጥሏል።

የአሜሪካው የመርከብ መዝገብ ደግሞ የራሱ ችግር አለበት። ከ1899 ጀምሮ ከዜግነት ሌላ «ዘር ወይም ሕዝብ» የሚል ዓምድ ነበረው። አሜሪካኖች ስታትስቲክስ ሲያወጡ ቡልጋሪያዊን፣ ሰርብንና ሞንቴኔግሮአዊን በአንድ ረድፍ ይደምሯቸው ነበር። መቄዶንያዊ የሚባል ረድፍ አልነበራቸውም።

ስለዚህ «ቡልጋሪያዊ» የተጻፈው በስህተት ነው ልበልሽ? አልልም። እውነቱን መናገር አለብኝ። በዚያን ዘመን ከኮስቱርና ከሌሪን የወጡ ብዙ ሰዎች ራሳቸውን በገዛ ፈቃዳቸው፣ በኩራት ቡልጋሪያዊ ይሉ ነበር። መቄዶንያዊ ደግሞ አገሬ ከሚሉት የመጣ ሌላው ስማቸው ነው። ቶሮንቶ ትሪኒቲ ጎዳና ላይ በ1910 የመሠረቱት የቅዱስ ቄርሎስና የቅዱስ ሜቶድዮስ ቤተ ክርስቲያን ስሙ «መቄዶ-ቡልጋሪያ» ነው። ሁለቱ ቃላት በአንድ በር ላይ። ያን በር ያቆሙት ሰዎች አንዱን ቃል ለመምረጥ አልተገደዱም ነበር። በሌላ በኩል መቄዶንያውያን ራሳቸውን የቻሉ ሕዝብ ናቸው፣ የራሳቸው የጽሑፍ ቋንቋ ይገባቸዋል ያለም ነበር። ክርስቴ ሚሲርኮቭ በ1903 ሶፊያ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጽፏል። እሱ ራሱ ደግሞ በሌላ ጊዜ ቡልጋሪያዊ ነኝ ብሎ የጻፈ ሰው ነው። የመቄዶንያ ቋንቋ በመንግሥት ታውጆ ፊደሉ የተወሰነው በ1944 እና 1945፣ በዩጎዝላቪያ ሥር ነው። የቅዱስ ክሌመንት ዘኦህሪድ የመቄዶንያ ኦርቶዶክስ ካቴድራል ቶሮንቶ ላይ የተመሠረተው በ1960ዎቹ ነው። የእማማ ትውልድ በዚህ ሁሉ መሃል ነው ያደገው።

የፎቶው ጀርባ ላይ በእርሳስ የተጻፈውን ስላቭኛ ለሚያነብ ወዳጄ አሳየሁት። ለመታሰቢያ፣ ለእናቴ፣ ከልጅሽ ይላል። ወዳጄ «ልጅ» በሚለው ቃል መሃል ጣቱን አሳረፈ። «ያት» የምትባል ፊደል አለች አለኝ። ቡልጋሪያኛ እስከ 1945 ድረስ የሚጽፋት፣ ዛሬ የሌለች ፊደል። ሰውየው ፊደል የቆጠሩት በኤክሳርኩ ትምህርት ቤት ነው ማለት ነው። ይህ ፊደል ትምህርት ቤታቸውን ይነግረናል። ልባቸውን ግን አይነግረንም። እኔ ግን ፊደሏን ትቼ ያየሁት ቃሉን ነው። ወታደር ሆኖ፣ ኮፍያው ላይ የሜፕል ቅጠል አድርጎ፣ ለእናቱ ሲጽፍ «ልጅሽ» ነው ያለው። አንቺ እንደጻፍሽልኝ ይህ ፎቶ ዤሌቮ ሄዶ፣ ከ1946 እስከ 1949 በነበረው የግሪክ የእርስ በርስ ጦርነት መንደሩ ሲፈርስ በአክስታቸው ጥቅልል ተመልሶ ቶሮንቶ ገባ። እንግዲህ ከወረቀቶቹ ሁሉ ማንም ጸሐፊ ሳይጠይቃቸው የጻፉት ይሄ ብቻ ነው።

የራሴን ላጫውትሽ። በ1984 ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ጠረጴዛ ይዞ የተቀመጠ አንድ ልጅ መዘገበኝ። «ጂንሲያ?» አለኝ። ዜግነት ማለቱ ነው። ዓረብኛ አልሰማም ነበር፣ አገርህ የት ነው ያለኝ መስሎኝ የአውራጃዬን ስም ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ሐበሺ» ብሎ ጻፈ። የልደት ቀን ሲጠይቀኝ በአስተርጓሚ «የኅዳር ሚካኤል ማግስት» አልኩ። ጃንዋሪ 1 ብሎ ጻፈ። የአያቴን ስም የቤተሰብ ስም አደረገው። ያ ወረቀት ተከትሎኝ ባሕር ተሻገረ። ልጄ ኮሌጅ ስትገባ ሰነድ ስትፈልግ አገኘችው። «አባዬ፣ ጃንዋሪ 1 ነው እንዴ የተወለድከው?» አለችኝ። ዛሬም ደብዳቤ የሚመጣልኝ ባያቴ ስም ነው። የዤሌቮ ልጆችም እንደኛ በአባታቸውና በአያታቸው ስም ነበር የሚጠሩት፣ ቀናቸውን የሚቆጥሩትም በቅዱሳን በዓል ነው። እኔ ያቺን «ሐበሺ» የምትል ቃል አልጠላትም። ግን ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ የልጅ ልጅ አንስቶ «አያታችን ራሱን እንዲህ ይጠራ ነበር» ቢል ቅር ይለኛል። እንዲያ አላልኩማ።

ስለዚህ ለእማማ እንዲህ በያቸው። የወንድማቸው ልጅ አልዋሸም። ወረቀቱ ያለውን አነበበ። ወረቀቶቹ ግን «አባትዎ ምን ነበሩ?» የሚለውን አልተጠየቁም። አንዱ የሱልጣኑን ግዛት ጠየቀ፣ አንዱ ቤተ ክህነትን፣ አንዱ አዲሱን ድንበር። እማማ አባታቸው ማታ ማታ ምን ይሉ እንደነበር በጆሯቸው ሰምተዋል፤ ያ ደግሞ ከወረቀት የማያንስ ምስክር ነው። አባታቸው በአንድ ዘመን ቡልጋሪያዊ ብለው፣ በኋላ መቄዶንያዊ ብለው ራሳቸውን ጠርተው ከሆነም አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። የሰረዘው የጦሩ ቢሮ ብዕር ነው።

አንድ ነገር ጠይቂልኝ። አባታቸው ቤት ውስጥ የሚናገሩትን ቋንቋ ምን ብለው ነበር የሚጠሩት? ከዚያ አካባቢ የወጡ ብዙ ሽማግሌዎች «ናሺ» ይሉታል። «የኛ» ማለት ነው። መልሳቸውን በራሳቸው ድምፅ በስልክሽ ቅረጪው፣ ለወንድማቸው ልጅም ስጪው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው። ስለ መቄዶንያ የማውቀው ጳውሎስ በሌሊት ራእይ ያየውን፣ «ተሻግረህ እርዳን» ያለውን ሰው ብቻ ነው። በቀደመው ዕትም «ስለ መቄዶንያውያን ወታደሮች እመለሳለሁ» ብለው ነበር። አንድ ነገር አልገባኝም። ሠርቶ ለመመለስ የወጣ ሰው ለምን በሰው አገር ጦር ውስጥ ገብቶ ለሰው ንጉሥ ይሞታል?

መልስ፦ አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ እንጀራ። ከ1913 ጀምሮ ካናዳ ውስጥ ሥራ ጠፍቶ ነበር። የባዕድ አገር ሰው ደግሞ ከፋብሪካ ቀድሞ ነው የሚባረረው። ቶሮንቶ ምሥራቁ ክፍል አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሆነው ያድሩ ነበር። የቀን ሠራተኛው ሲነሳ የሌሊቱ ያንኑ አልጋ ይወርሳል። የካናዳ ተራ ወታደር በቀን 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ያገኝ ነበር፣ ልብስና ምግብ ተችሎት። መንደር ዕዳ ጥሎ ለወጣ ልጅ ይህ ትንሽ አይደለም። በጥርጣሬ ከመታየትም መለዮ ይሻላል።

ግን እንጀራ ብቻ ነው ብል እበድላቸዋለሁ። እነዚህ ሰዎች ጦርን ያውቁ ነበር። በ1912 ከ14,000 በላይ የመቄዶንያና የአድሪያኖፕል በጎ ፈቃደኞች ከቡልጋሪያ ጦር ጎን ሆነው ቱርክን ወግተዋል። ከአሜሪካ ሥራቸውን ጥለው የሄዱም ነበሩባቸው። ነጻ እናወጣታለን ያሏት አገር በዓመቱ ተቆረሰች። ከዚያ ወዲህ ማን በየት ጦር እንደሚሰለፍ የወሰነው የቤቱ አድራሻ ነው። ሰርቢያ በያዘችው ክፍል ያለው በሰርቢያ ጦር ተመለመለ። በ1915 ቡልጋሪያ ያን ክፍል ስትይዝ የአካባቢው ወንዶች «11ኛ የመቄዶንያ ክፍለ ጦር» በሚባለው ገቡ። በግሪክ በኩል ያለው በግሪክ ጦር። ካናዳ ያለው በካናዳ። የአንድ አያት ልጆች አራት ዓይነት ኮፍያ ሊያደርጉ ይችሉ ነበር።

አንድ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞቹንና ነርሶቹን አሰልፎ አንድ የጦር ሆስፒታል አቋቁሞ ነበር፣ ቁጥር 4 የካናዳ ጠቅላላ ሆስፒታል። ከ1915 እስከ 1917 የሠራው ተሰሎንቄ ነው፣ ዤሌቮዎች ሶሉን በሚሏት ከተማ። ከቶሮንቶ የሄደች ነርስ እነሱ በልጅነታቸው ለገበያ የሚያስቧትን ከተማ እያየች የወባ በሽተኛ ታስታምማለች። ዤሌቮ ተወልዶ በካናዳ ጦር የተመዘገበው ልጅ ግን የሚላከው ፈረንሳይ ጭቃ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። «ማቭኒ» በሚባለው ፕሮግራም በአማርኛ ቋንቋዬ ተቀባይነት አግኝቼ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገባሁ። ዜግነቴንም በዚያው አገኘሁ። ፎርም ስሞላ ያለችኝ ሳጥን «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» የምትል ብቻ ነበረች። የአሜሪካ ጦርስ እነዚያን የባልካን ሰዎች እንዴት ነበር የሚመዘግባቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተ መንገድና የነሱ መንገድ ይገናኛሉ። በግንቦት 1918 አንድ ሕግ ወጣ። ጦሩ ውስጥ ያለ ስደተኛ የአምስት ዓመት ነዋሪነት ሳይጠበቅበት ዜጋ እንዲሆን ፈቀደ። ከ100,000 በላይ ወታደሮች በዚህ ዜጋ ሆኑ፣ ብዙዎቹ እዚያው ማሠልጠኛው ካምፕ ውስጥ ምለው። አንተ ከዘጠና ዓመት በኋላ የገባህበት በር የተከፈተው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

የ1917ቱ የምልመላ ካርድ እንደ ካናዳው አይደለም። የት ተወለድክ ይላል፣ የየት አገር ተገዢ ነህ ይላል፣ ዘርህንም ይጠይቃል። በዚህ ዓይነት ካርድ ላይ «መቄዶንያ፣ ቱርክ» የሚል የትውልድ ቦታ ታያለህ። አሜሪካ በቡልጋሪያም በቱርክም ላይ ጦርነት ስላላወጀች እዚያ ያለው ሰው እንደ ካናዳው አልፈራም። በዘር ረድፍ ላይ ግን የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ «ነጭ» ነው። ስለ ባልካን አንዲት ቃል አይነግርህም።

የዚያን ካርድ የታችኛውን የግራ ጥግ ተመልከት። በሰያፍ የታተመ ትንሽ ትእዛዝ አለው። «ሰውየው ከአፍሪካ ዘር ከሆነ ይህን ጥግ ቅደዱ» ይላል። ጥቁሮቹን ለይቶ ለማሰለፍ እንዲመች ነው። እኔ የመጀመሪያውን ቅጂ ሳይ ጥጉ በእርጅና የተቀደደ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ላይም በዚያው ቦታ፣ በዚያው መስመር ተቀዶ አየሁ። ያኔ ትእዛዙን አነበብኩ። ከኮስቱር የመጣው ልጅ ማንነቱ ባይታወቅም ካርዱ ሙሉ ሆኖ ቀርቷል። ያንተ ሳጥንም የዚያ ጥግ ዘመድ ናት፣ ይህን ማወቅ መብትህ ነው።

ስለ ቋንቋውም ላክልልህ። መጀመሪያ ላይ እንግሊዝኛ የማይሰሙት ምልምሎች ትእዛዝ ስለማይገባቸው ወጥ ቤትና ጽዳት ላይ ይጣሉ ነበር። በ1918 ጆርጂያ ውስጥ ካምፕ ጎርደን የሚባለው ማሠልጠኛ በየቋንቋቸው ከፋፈላቸው። የስላቭኛ ተናጋሪዎች ሻምበል፣ የጣልያንኛ ተናጋሪዎች ሻምበል እያለ፣ ቋንቋቸውን የሚችሉ መኮንኖች መደበላቸው። ዘዴው ስለሠራ ወደ ሌሎች ካምፖች ተዛመተ። አማርኛህን ብሎ እንደቀጠረህ ያኔም ጦሩ የፈለገው ትእዛዝ የሚተላለፍበትን ቋንቋ እንጂ ስሙን አልነበረም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የባለቤቴ አያት እንደዚሁ ከዚያ አገር መጥተው በካናዳ ጦር አገልግለዋል ይባላል። ፋይላቸውን ከየት ላግኝ? ከኦታዋ።

መልስ፦ አንቺማ አጠገቡ ነሽ። የካናዳ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት በመጀመሪያው ጦርነት የተሰለፉትን የ622,000 ያህል ሰዎች ፋይል ስካን አድርጎ ድረ ገጹ ላይ አስቀምጦታል። በነጻ ነው።

በስም ስትፈልጊ ባንዱ አጻጻፍ አትቁሚ። ጸሐፊው የሰማውን ነው የጻፈው። በአባታቸው ስምም ሞክሪ። መንደሩን በሦስት ስም ያዢው። ዤሌቮ ለምሳሌ በ1920ዎቹ ግሪክ የቦታ ስሞችን ስትለውጥ አንታርቲኮ ሆኗል። ኮስቱር በግሪክ ካስቶሪያ ነው፣ ሌሪን ደግሞ ፍሎሪና። የትውልድ አገር ላይ ቱርክ፣ ግሪክ፣ ሰርቢያ፣ ቡልጋሪያ፣ ቢል ሁሉንም ክፈቺው።

ፋይሉን ስታገኚ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ገጽ አይቶ ይዘጋዋል። አንቺ እስከ መጨረሻው ሂጂ። የደመወዝ ካርዱ ላይ ገንዘብ ለማን ይላክ እንደነበር ይገኛል። ኑዛዜ ካለ የእናት ወይም የሚስት ስምና የመንደሩ ስም በሳቸው አጠራር ተጽፎ ልታገኚው ትችያለሽ። ባለቤትሽን አጠገብሽ አስቀምጠሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው። እንግሊዝኛ ፊደል ላይ ግራ የሚያጋባው ስም በጆሮ ሲሰማ ይታወቃል።